የጋሽ አምደሥላሴ ማጣሪያ

አንዲት ሴት ነበረች። ሥራዋ የሌላው ሰው ደብዳቤ በሰላም ገብቶ በሰላም እንዲወጣ መጠበቅ ነው።

ፖስታ ቤት ግን አይደለም የምትሠራው። የዓይን ሆስፒታል ውስጥ ነው። አንዲት ጠበብ ያለች ክፍል አለቻት፣ ክፍሏ ውስጥ ደግሞ ቀኑን ሙሉ የሚያጉረመርም አንድ ማሽን አለ። የሆስፒታሉ ኢሜይል በሙሉ የሚያልፈው በዚያ ማሽን ነው። ባለሙያዎቹ ሰርቨር ይሉታል፣ የሚሠራበትን ሥርዓት ደግሞ ሊኑክስ ይሉታል። አይዟችሁ፣ ዛሬ ኮምፒውተር አላስተምራችሁም፤ ብሞክርም አልችልበትም። አንድ ነገር ብቻ ያዙልኝ። ደብዳቤ ሁሉ ወደ ሆስፒታሉ ከመግባቱ በፊት በር ላይ የሚፈትሸው አለ። አጭበርባሪውን ይመልሳል፣ ተንኮል የያዘውን ያግዳል፣ ደህናውን ያሳልፋል። ይህ ፈታሽ ሰው አይደለም፣ ማሽኑ ላይ የሚጫን ፕሮግራም ነው። ሞጁል ይሉታል። እኛ ማጣሪያ እንበለው።

አንድ በር፣ አንድ ማጣሪያ። ይህን ከያዛችሁልኝ ይበቃኛል።

የሴትዮዋ ስም ምንትዋብ ነው። ሥራውን ያስተማሯት ጋሽ አምደሥላሴ የሚባሉ ሰው ናቸው። ያ ማሽን ሌላ ቦታ አገልግሎ በስጦታ ሲመጣ፣ ሰው ሁሉ "ይህን ብረት ምን ልናደርገው ነው?" ብሎ ሲስቅበት፣ አቧራውን ጠርገው ነፍስ የዘሩበት እሳቸው ናቸው። በሩ ላይ የቆመችውን ማጣሪያም ማንም አልሰጣቸውም። ቁጭ ብለው በገዛ እጃቸው ጻፏት።

ምንትዋብ እንደተቀጠረች ሰሞን አንድ ቀን እጇ ሳተና የሐኪሞቹን ደብዳቤ ጠራርጋ አጠፋችው። ሥራ አስኪያጁ ፊቱ ቀልቶ መጣ። "ማነው ይህን ያደረገው?" አለ። እሷ አፏን ከመክፈቷ በፊት ጋሽ አምደሥላሴ ከወንበራቸው ብድግ አሉ።

"እኔ ነኝ" አሉ። "እርጅና ነው መሰለኝ።"

ሥራ አስኪያጁ ምን ይበል? እያጉረመረመ ወጣ። እሳቸውም ተመልሰው ተቀመጡና "በይ ነይ፣ የጠፋው እንዴት እንደሚመለስ ላሳይሽ" አሏት። ከዚያ ወዲያ ያንን ቀን አንድም ጊዜ አላነሡባትም።

እንዲህ ያለ ሰው አላችሁ? ጥፋታችሁን በራሱ ስም የተሸከመላችሁ ሰው አላችሁ? ካላችሁ፣ ለእንዲህ ያለ ሰው የማይወደውን ነገር መናገር ምን ያህል እንደሚከብድ እኔ አልነግራችሁም።

ጋሽ አምደሥላሴ ጡረታ ወጡ። ባለቤታቸው ቀደም ብለው ዐርፈዋል፣ እግዚአብሔር ልጅ አልሰጣቸውም። ታዲያ ማክሰኞ ማክሰኞ ሸሚዛቸውን ተኩሰው፣ ባርኔጣቸውን ደፍተው ወደ ሆስፒታሉ ይመጣሉ። ምንትዋብ ሻይ ታመጣላቸዋለች። ማሽኑን እንደ ፈረስ ጀርባ ቸብ ቸብ ያደርጉታል። ከዚያ ሁልጊዜም ያችኑ ጥያቄ ይጠይቃሉ።

"ማጣሪያዬ እንዴት ናት?"

"ደህና ናት ጋሼ።"

"አላስቸገረችሽም?"

"ኧረ በጭራሽ!"

ደህና ነበረች ወይ? አልነበረችም ወገኖቼ። አርጅታለች። የተጻፈችው ደብዳቤ አጭርና ቀላል በነበረበት ዘመን ነው። አሁን ደብዳቤው ከምርመራ ውጤት ጋር፣ ከፎቶ ጋር፣ ከስንት ነገር ጋር ታጅቦ ነው የሚመጣው። የጋሽ አምደሥላሴ ማጣሪያ ትልቅ ደብዳቤ ስታይ ትደነግጣለች። ወስዳ ማቆያዋ ውስጥ ትቆልፍበታለች። ቆለፍኩበት ብላም ለማንም አትናገርም።

ስለዚህ ምንትዋብ አዲስ ማጣሪያ ጫነች። ትልቁንም ትንሹንም አይቶ የሚለይ ነው። ደግ አደረገች። ግን አሮጌዋን አነሣቻት?

እንዴት አድርጋ! ማክሰኞ ሲመጡ ምን ልትላቸው ነው? "የእርስዎን አውጥቼ ጣልኩት ጋሼ፣ ስኳር ስንት ላድርግልዎት?" ልትል ነው? ሰውየው ባለቤት የላቸው፣ ልጅ የላቸው፣ በዚያ ግቢ ውስጥ የእኔ የሚሉት የቀራቸው ያችው ማጣሪያ ናት። ይከፋቸዋል አለች ምንትዋብ በልቧ። ስለዚህ አሮጌዋን እዚያው ተወቻት፣ አዲሱን አጠገቧ አቆመችው። የይለፍ ቃላቸውን እንኳ አልሰረዘችባቸውም። ጡረታ የወጣ ሰው ይለፍ ቃል ይሰረዛል፣ ደንቡ ነው። እሷ ግን ደንቡን ከምትጠብቅ የጋሽ አምደሥላሴን ፊት መጠበቅን መረጠች።

ይህን እኛ ምን እንለዋለን? ይሉኝታ እንለዋለን። ጨዋነት እንለዋለን። ልጆቻችንን የምናስተምረውም ይህንኑ ነው። እኔም ክፉ ነው አልላችሁም፤ ታሪኩን ግን ጨርሱልኝ።

እንግዲህ በአንዱ በር ሁለት ማጣሪያ ቆመ።

መጀመሪያ ምንም አልታየም። አዲሱ በሩን ይዟል፣ አሮጌዋ ቦታ ስታጣ ጥግ ይዛ ዝም ብላለች። ጉዱ የሚመጣው መብራት ሲጠፋ ነው። መብራት ሲጠፋ ማሽኑ ይሞታል። ሲመጣ እንደገና ይነሣል፣ ሁለቱ ማጣሪያዎችም ነቅተው ወደዚያችው አንዲት በር ይሮጣሉ። ቀድሞ የደረሰው በሩን ይይዛል፣ ሌላው ውጭ ይቀራል። ቀኑ የአዲሱ ከሆነ ደብዳቤው እንደ ወንዝ ይፈስሳል። ቀኑ የአሮጌዋ ከሆነ ትልልቁ ደብዳቤ ሁሉ ተቆልፎበት ይውላል።

መብራታችን ደግሞ እንደምታውቁት ነው።

"ምንትዋብ፣ ዛሬም ኢሜይል አልገባም" ይሏታል። ትነሣለች። ገመዱን ታያለች፣ ገመዱ ደህና ነው። ማሽኑ ሞልቶ እንደሆነ ታያለች፣ አልሞላም። መስመሩን ትፈትሻለች፣ መስመሩም አለ። የአዲሱን ማጣሪያ ማቆያ ትከፍታለች፣ ባዶ ነው። ሲቸግራት ማሽኑን ታጠፋና መልሳ ታበራዋለች። አዲሱ ቀድሞ ከደረሰ ነገሩ ይቃናል። "አንቺ ስትነኪው እኮ ይሠራል!" ይሏታል። እሷም ትስቃለች። ሆዷ ግን አይስቅም።

የአሮጌዋን ማቆያስ ከፍታ አየች? አላየችም። የጋሽ አምደሥላሴን ሳጥን መበርበር መሰላት። ደግሞ እውነቱን ልንገራችሁ፣ እዚያ ውስጥ ያለውን ማወቅ አልፈለገችም። ካወቀች መናገር ሊኖርባት ነው።

ስንቶቻችን ነን እንዲህ የምንኖረው? ማታ ተኮራርፈን እንተኛለን፣ ጠዋት "ቁርስ ቀርቧል" እንባባላለን። ምንም እንዳልተፈጠረ እንሆናለን። አጠፋነው፣ አበራነው፣ ሠራልን። እስከሚቀጥለው መብራት መጥፋት ድረስ።

አሁን አንዲት ሌላ ሴት ላሳያችሁ። ደብሪቱ ትባላለች። ከገጠር ነው የመጣችው፣ ከተማ ውስጥ አክስቷ ቤት ተጠግታለች። የዓይኗ ብሌን ታሞ ጠባሳ ሸፍኖታል። ብርሃንና ጨለማ ትለያለች፣ ከዚያ ያለፈ አይታያትም። ዓይኗ ከጠፋ በኋላ ሴት ልጅ ወልዳለች። ታጠባታለች፣ ታጥባታለች፣ አዝላት ትወጣለች። ከመቶ ሕፃን መካከል በጠረኗ ብቻ ለይታ ታወጣታለች። ፊቷን ግን አይታው አታውቅም።

እንዲህ ላለው ዓይን መድኃኒቱ ሌላ ብሌን ነው። "እኔ ስሞት ዓይኔን ለሰው ስጡልኝ" ብለው የተናዘዙ ደጋግ ሰዎች አሉ። ያ ብሌን ሲገኝ የሚሰበስበው ድርጅት ለሆስፒታሉ ኢሜይል ይጽፋል፣ ከነምርመራ ውጤቱ፣ ከነፎቶው። "ተገኝቷል፣ ታካሚያችሁን አዘጋጁና ቶሎ መልሱልን" ይላል። ብሌን መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ የሚከርም ዕቃ አይደለም። መልስ ካልመጣ ለሚቀጥለው ሆስፒታል ያልፋል። አይፈረድባቸውም፤ እዚያም በጨለማ የሚጠብቅ ሰው አለ።

ተራው የደብሪቱ ነበር። ተራ የምትከታተለው ነርስ፣ ሲስተር የሺመቤት፣ ነግራታለች። ደብሪቱም ልጇን ታቅፋ በየጊዜው እየመጣች ኮሪደሩ አግዳሚ ላይ ትቀመጣለች። አልተጠራችም፤ ቅርብ መሆን ፈልጋ ነው።

አንድ ቀን ጠዋት ሲስተር የሺመቤት የምንትዋብን በር ከፍታ ቆመች። አልገባችም፣ አልተቀመጠችም።

"የደብሪቱ ብሌን መጥቶ ነበር" አለች።

"መቼ?"

"ትናንት ጽፈዋል። ሲጠብቁ ሲጠብቁ ውለው ለሌላ ሰጡት። አሁን ደውለው ‘ምነው ዝም አላችሁን?’ አሉኝ። እኔ ዘንድ ምንም አልገባም ምንትዋብ። አንቺ ዘንድስ?"

ምንትዋብ ከወንበሯ ተነሣች።

"ምን ብዬ ልንገራት?" አለች ሲስተር የሺመቤት። "ውጭ ተቀምጣለች እኮ።"

"እኔ ልንገራት" አለች ምንትዋብ።

ወጥታ አግዳሚው ላይ አጠገቧ ተቀመጠች። ሕፃኗ የእናቷን ነጠላ ጫፍ አፏ ውስጥ አድርጋ ትመጥጣለች።

"ማን ነው?" አለች ደብሪቱ ፊቷን ወደ እሷ አዙራ።

"ምንትዋብ እባላለሁ። እዚሁ ኮምፒውተር ክፍል ነኝ።" "ደብሪቱ፣ ብሌን ተገኝቶልሽ ነበር። ደብዳቤው በእኔ በኩል ነው የሚያልፈው። እኔ ዘንድ ቀረ። ተራሽ አለፈ።"

ደብሪቱ ልጇን ጠበቅ አድርጋ ያዘቻት። ከዚያ እጇን ዘርግታ ስትዳብስ የምንትዋብን ጉልበት አገኘችና ቸብ ቸብ አደረገችው።

"አይዞሽ እህቴ" አለች። "ሆን ብለሽ አይደለ።"

ብትሰድባት ይሻላት ነበር። ብትጮህባት፣ ብትረግማት ይቀልላት ነበር። ያጣችው ሰው ያሳጣቻትን ታጽናናለች! ምንትዋብ ክፍሏ ገባች፣ በሩን ዘጋች፣ ተንሰቅስቃ አለቀሰች።

ስታለቅስ ቆይታ ተነሣችና ያልከፈተችውን ከፈተች። የጋሽ አምደሥላሴን ማጣሪያ ማቆያ።

እዚያ ነበር። የደብሪቱ ደብዳቤ ከነሙሉ አካሉ ተቆልፎበት ተቀምጧል። ከሱ በፊት የመጡ ሌሎችም ነበሩ። ለጊዜው አሮጌዋን አስቆመቻት፣ አዲሱ በሩን ያዘ፣ ደብዳቤ ማለፍ ጀመረ። ይህ ግን መብራት ጠፍቶ እስኪመጣ ብቻ እንደሚቆይ ታውቃለች። ስለዚህ አሮጌዋ እንዴት እንደምትነሣ ልታይ ውስጧን መረመረች። ያኔ አንድ ያላሰበችው ነገር አየች። የሆነ ሰው ማጣሪያዋን ነካክቷታል። ማሽኑ ሲነሣ ከሁሉም ቀድማ እንድትነቃ፣ ከአዲሱ በፊት በሩ ላይ እንድትደርስ አድርጓታል። ባለፈው ማክሰኞ ዕለት ነው የተደረገው። በጋሽ አምደሥላሴ ይለፍ ቃል።

ለካ ሻይ ላመጣ ስወጣ! አለች።

ያለቀሰችው ዕንባ ወደ ንዴት ተለወጠ። የእኔን አይተዋል ማለት ነው። አይተው ተቀይመዋል። ተቀይመው የእኔን ገፍተው የራሳቸውን አስቀድመዋል። እኔ ይህን ያህል ጊዜ ፊታቸው እንዳይጠቁር ስጠነቀቅ እሳቸው ከኋላዬ!

እስቲ ልጠይቃችሁ። እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጋላችሁ? አንዲት ትእዛዝ ብትጽፍ አሮጌዋ ማጣሪያ ለዘላለም ትጠፋለች። ማንም አያይም። ማክሰኞ ሲመጡ "ደህና ናት ጋሼ" ማለት ትችላለች። ወይም ደግሞ አጥፍታት አኩርፋ፣ ሻይውን በዝምታ አስቀምጣላቸው፣ እሳቸውም ነገሩ ገብቷቸው ቀስ በቀስ መምጣት ሊተዉ ይችላሉ። ሁለቱንም መንገድ በደንብ እናውቃቸዋለን። ሁለቱም ላይ ባለሙያዎች ነን።

ምንትዋብ ቦርሳዋን አነሣች። ታክሲ ይዛ እሳቸው ቤት ሄደች።

ጋሽ አምደሥላሴ በረንዳቸው ላይ የአሮጌ ሬዲዮ ሆድ ዕቃ ዘርግተው ተቀምጠዋል። ሲያዩአት ፊታቸው በራ።

"ውይ ልጄ! ዛሬ ማክሰኞ ነው እንዴ?"

አልተቀመጠችም። "ጋሼ፣ ማጣሪያዋን ነካክተዋታል?"

በእጃቸው የያዙትን መፍቻ ቀስ ብለው አስቀመጡ። "ነካክቻታለሁ" አሉ።

"የእኔን አይተዋል ማለት ነው።"

"አይቻለሁ።"

"ተቀይመው ነው?"

"ተቀይሜ?" አሉ። እውነት ግራ ገባቸው። "ኮርቼ ነው እንጂ! አንቺ ሻይ ልታመጪ ስትወጪ ቁጭ ብዬ አየሁት። እንዴት ያለ ንጹሕ ሥራ ነው! ይህችን ልጅ እኔ ነኝ ያስተማርኳት ብዬ ብቻዬን ሳቅሁ። ታዲያ ያንቺ አዲስ ነው፣ ያን ሁሉ ቆሻሻ ብቻውን ከሚሸከም የእኔዋ አሮጊት ቀድማ ትነሣና ግማሹን ትልቀምለት አልኩ። እሷ መጀመሪያ ታጣራ፣ የቀረውን ለሱ ታሳልፍ ብዬ አስቀደምኳት። ላግዝሽ ብዬ ነው።"

"አታሳልፍለትም እኮ ጋሼ" አለች። ድምፅዋ ወረደ። "ሁለቱም አንድ በር ላይ ናቸው። እሷ ቀድማ ከያዘች የእኔ ውጭ ነው የሚቀረው።"

"አንድ በር ላይ?" አሉ። "እኔ ለሱ ሌላ በር የከፈትሽለት መስሎኝ። ጠይቄሽ ቢሆን..."

"ለምን አልጠየቁኝም?"

"ምን ብዬ ልጠይቅሽ? ደብቀሽኛል። መደበቅሽን እንዳወቅሁ ካወቅሽ ታፍሪያለሽ። አንገትሽን እንዳትደፊ ብዬ ነው የተውኩት።" ቀና ብለው አይዋት። "አንቺስ? አንቺስ ለምን አልነገርሽኝም?"

"እንዳይከፋዎት ብዬ" አለች።

ሁለቱም ሳቅ መጣባቸው። ግን ሳቁ ሳይወጣ ምንትዋብ የደብሪቱን ነገር ነገረቻቸው። አግዳሚውን ነገረቻቸው፣ ሕፃኗን ነገረቻቸው፣ "አይዞሽ እህቴ" ያለቻትንም ነገረቻቸው። ጋሽ አምደሥላሴ ባርኔጣቸውን አወለቁ።

"እኔ አንቺ እንዳታፍሪ ፈራሁ" አሉ። "አንቺ እኔ እንዳይከፋኝ ፈራሽ። ለእሷስ ማን ፈራላት?"

ይህን ጥያቄ እንድታስቡበት ፈልጌ ነው ታሪኩን ያመጣሁላችሁ። ለእሷስ ማን ፈራላት?

ጃኬታቸውን ለበሱና አብረው ወደ ሆስፒታሉ ሄዱ። ምንትዋብ ወንበሯን ለቀቀችላቸው። የጻፏትን ማጣሪያ አንድ ጊዜ ከላይ እስከ ታች አነበቧት፣ አንድ ቦታ ላይ ፈገግ አሉ፣ ከዚያ በገዛ እጃቸው አነሷት። ሲጨርሱ "ይለፍ ቃሌንም ሰርዥው" አሏት። "ሻይ ለመጠጣት ይለፍ ቃል አያስፈልግም።"

ከፋቸው ወይ? ከፋቸው። አልዋሻችሁም። ዓይናቸው ዕንባ አቀረረ፣ መሐረብ አወጡ። ምንትዋብ አጠገባቸው ተቀምጣ እጃቸውን ያዘች። ሻይ መጣ። ሻዩ ሳይቀዘቅዝ ስለ ሬዲዮዋቸው ማውራት ጀምረው ነበር። ተመልከቱልኝ እንግዲህ! ያን ሁሉ ጊዜ የተፈራው፣ ስንት ደብዳቤ የተቆለፈለት፣ የአንዲት እናት ተራ ያለፈለት መከፋት ከአንድ ብርጭቆ ሻይ በላይ አልቆየም።

ደብሪቱስ? ደብሪቱ ጠበቀች። ብዙ ጠበቀች። በመጨረሻ ሌላ ደብዳቤ መጣና በሩን አልፎ ገባ። ምንትዋብ ስልክ አላመነችም፣ ራሷ ሮጣ ሄዳ ለሲስተር የሺመቤት ነገረች። ደብሪቱ ታከመች፣ ፋሻው ተፈታ፣ ልጇን አየች። ስላየችበት ሰዓት ብዙ አልናገርም፣ ልባችሁ ከእኔ ቃል ይልቅ ይነግራችኋል። አንድ ነገር ግን ሳልናገር አላልፍም። በዚያ በመጠበቁ መካከል ልጅቱ መዳህ ጨርሳ፣ ቆማ መሄድ ጀምራለች። ደብሪቱ ልጇ ስትድህ አላየችም። የመጀመሪያው ደብዳቤ ደርሶ ቢሆን ኖሮ ታይ ነበር። ያን ማን ይመልስላታል?

ወገኖቼ፣ በዚህ ታሪክ ውስጥ እስቲ ክፉ ሰው ፈልጉልኝ። ምንትዋብ ክፉ ናት? ጋሽ አምደሥላሴ ክፉ ናቸው? ሁለቱም ደጎች ናቸው። ሁለቱም ይዋደዳሉ። እኔን የሚያስፈራኝም ይኸው ነው። ክፉ ሰው ቢሆን እንጠነቀቀዋለን፣ እንጸልይበታለን። ደግነታችን አፋችንን ሲዘጋው ግን ማን ይጠረጥራል?

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ። ዛሬ እዚህ አንድ አግዳሚ ላይ ጎን ለጎን ከተቀመጣችሁት ባልና ሚስቶች መካከል፣ "ደህና ነኝ" ተባብላችሁ የመጣችሁ የላችሁም? እናቱ የሚያስጨንቀውን እያወቀች "ምነው?" ብላ ያልጠየቀችው ልጅ የለም? አባታችን ዓይናቸው ደክሟል፣ መኪና መንዳት ይብቃቸው ብላችሁ በየጓዳው እየተነጋገራችሁ፣ ለእሳቸው ግን ቁልፉን የምታቀብሉ ልጆች የላችሁም? እኛው ቤተ ክርስቲያናችን ውስጥስ፣ ላገለገሉን ታላላቆች ክብር ብለን፣ የማይሠራውን ነገር ሳናነሣ አጠገቡ ሌላ የጨመርንበት የለም? ሳቃችሁ፤ እንግዲያው አለ ማለት ነው።

አትናገሩም፤ ለምን ብዬ ብጠይቃችሁ "እንዳይከፋው" ትሉኛላችሁ። እሱም ብጠይቀው "እንዳይከፋት" ይለኛል። በመካከላችሁ ግን የሚጠብቅ አለ። የእናንተን ዝምታ እየሰማ የሚያድግ ልጅ አለ። አባታችሁ በሚነዱበት መንገድ ላይ የሚያቋርጥ የማታውቁት ሰው አለ። እነሱ ምንም አላጠፉም። ተራቸው እያለፈ ነው።

"ብነግራት እኮ ይከፋታል" የምትለኝ ወንድሜ፣ አዎ፣ ይከፋታል። ጋሽ አምደሥላሴም ከፋቸው። ምንትዋብ ግን ነግራቸው አልሄደችም። መሐረባቸውን ሲያወጡ ፊቷን አላዞረችም፣ እጃቸውን ይዛ ተቀመጠች። እኛ የሚያቅተን ይኼ ነው መሰለኝ። እውነት መናገር የሚችል ሞልቷል፣ ተናግሮ በሩን ዘግቶ ይሄዳል። ዝም ማለት የሚችልም ሞልቷል። ተናግሮ እስኪያልፍ ድረስ አጠገብ የሚቀመጥ ነው የጠፋው።

ስለዚህ ዛሬ ቤታችሁ ስትገቡ፣ ስሙን አሁን በልባችሁ የጠራችሁት ሰው ዘንድ ሂዱ። ንግግር አታዘጋጁ። ተቀመጡና "አንድ ነገር ልነግርህ ፈልጌ ፈርቼ ነበር" በሉ። የቀረው ይከተላል። ሲከፋው አትነሡ። ለመናገሩ ድፍረቱን፣ አጠገቡ ለመቆየቱም ትዕግሥቱን ጌታ ይስጣችሁ። አሜን በሉና ሂዱ፣ የሚጠብቅ ሰው አለ።